መረሬ ላይ የሚነጠፍ ድንጋይ

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ቤታችን እነዋሪ ነው። ከበራችን ፊት 6 በ5 ሜትር የሚሆን ቦታ አለን። ከሦስት ዓመት በፊት ሊሾ አስደርገንበት ነበር። ሁለት ክረምት ሳያልፈው ተሰነጠቀ። አሁን መሃሉ አብጦ የዝናቡ ውሃ ወደ ቤቱ ግድግዳ ይመጣል። ግድግዳው የጭቃ ነው። እኔ ሊሾውን አንስቼ በድንጋይ ላስነጥፈው፣ ዳር ዳሩን ደግሞ አትክልት ልተክልበት አስቤያለሁ። ባለቤቴ ሴራሚክ ይሻላል ይላል። ያነጋገርነው ግንበኛ ብረት ያለው ኮንክሪት ሞልተን ድንጋዩን ከላዩ በሲሚንቶ እንለጥፈው አለን፤ ዋጋው ከአቅማችን በላይ ሆነ። አማቴ ያደጉት መንዝ ነው፤ 78 ዓመታቸው ነው። ‹እናቴ ግቢ ድንጋይ ያለ ሲሚንቶ ተነጥፎ ነበር፤ እኔ አረጀሁ፣ እሱ አላረጀም› ይላሉ። የማንን ልስማ? ምን ዓይነት ድንጋይ ልግዛ? ስንትስ ይበቃኛል? በታች በኩል መሬቱ ዘቅዘቅ ስለሚል ከጉልበት ከፍ የሚል ካብ ይፈልጋል። እሳቸውም ክረምት ላይ እንዳያዳልጣቸው እሰጋለሁ።»
ከእነዋሪ

እኅቴ፣ አማትሽን ስሚ።

አንድ ነገር ግን ልብ በይ። የእናታቸው ግቢ መንዝ ነው። መንዝ ውስጥ ብዙ ቦታ አፈሩ ስስ ነው፤ ዶማው ጥቂት እንደገባ ጭንጫ ያገኛል። ድንጋዩ የተቀመጠው ድንጋይ ላይ ነው ማለት ይቻላል። ያንቺ ቤት ግን እነዋሪ፣ ጅሩ ምድር ላይ ነው፤ ከሥርሽ ያለው መረሬ፣ ማለት ጥቁሩ ሸክላ አፈር ነው። ስለዚህ አነጣጠፉን ከእሳቸው እንወስዳለን፣ ከሥር ያለውን ግን እኛው ማዘጋጀት አለብን። በቤታችሁ ክርክሩ ሁሉ ስለ ላዩ ነው፤ ሴራሚክ ይሁን፣ ሲሚንቶ ይሁን፣ ድንጋይ ይሁን። ሊሾሽን የሰነጠቀው ግን ከታች ነው የመጣው።

መረሬን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ጫማ ይዞ ያስቀራል። በጋ ሲደርቅ ይኮማተርና እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። በየዓመቱ እንዲህ ሲነሳና ሲወርድ ይኖራል። ሊሾ አንድ ወጥ ነው፤ አይታጠፍም። መሬቱ አንዱን ጎን አንስቶ ሌላውን ሲለቅበት መሰንጠቁ አይቀርም። ሴራሚክም የሚለጠፈው እዚያው ሊሾ ላይ ስለሆነ አብሮ ይሰነጠቃል። በዚያ ላይ ለስላሳ ሴራሚክ በዝናብ ቀን ለ78 ዓመት እናት አይሆንም። ባለቤትሽን በዚህ በኩል ብታስረጂው የሚገባው ይመስለኛል፤ የእናቱ ነገር ነውና።

ግንበኛው ክፉ አልመከራችሁም። ብረት ያለው ኮንክሪት መኪና ለሚገባበት ግቢ ተገቢ ነው። ሰው ለሚራመድበት፣ ቡና ለሚፈላበት 30 ካሬ ግን ያን ያህል ወጪ አያስፈልግም። ለየብቻው አሸዋ ላይ የተቀመጠ ድንጋይ መሬቱ ሲነሳ አብሮ ይነሳል፣ ሲወርድም አብሮ ይወርዳል። አንዱ ቢሰጥም ታነሽዋለሽ፣ አሸዋ ትጨምሪለታለሽ፣ መልሰሽ ታስቀምጭዋለሽ። በቃ።

አሁን ወደ ውሃው ልምጣ። ከደብዳቤሽ ሁሉ ያሳሰበኝ «ውሃው ወደ ግድግዳው ይመጣል» ያልሽው ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ? የጭቃ ግድግዳ እግሩ ሲርስ ዛሬ ምንም አይመስልም። ከዓመታት በኋላ ነው ልስኑ የሚረግፈው፣ እንጨቱም የሚበሰብሰው። ድንጋዩ አንድ ዓመት ቢዘገይ ግድ የለም። ውሃውን ግን ከሚመጣው ክረምት በፊት መልክ አስይዢው።

ጣሪያሽ አሸንዳ አለው? አልጻፍሽልኝም። ወደ ግቢው የሚያፈሰው የጣሪያ ጎን 40 ካሬ ነው እንበል። 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢዘንብ ከዚያ ጎን ብቻ 800 ሊትር ይወርዳል፤ አራት ሙሉ በርሜል ማለት ነው። ይህ ሁሉ ከቆርቆሮው ጫፍ በአንድ መስመር ሲወርድ ከድንጋዮቹ መካከል አሸዋውን ጠርጎ ያወጣዋል። ስለዚህ መጀመሪያ አሸንዳ ይሰቀል። ውሃውን በበርሜል ወይም በሮቶ አጠራቅሚው፣ ለአትክልትሽ ይሆንሻል። የሚተርፈውን በቱቦ ከካቡ በታች ልቀቂው።

ቀጥሎ ተዳፋቱ። ንጣፉ ከቤቱ እየራቀ ሲሄድ በእያንዳንዱ ሜትር 2 ሴንቲ ሜትር ይውረድ። ያንቺ ቦታ ከግድግዳው እስከ ካቡ 5 ሜትር ከሆነ ጠቅላላው 10 ሴንቲ ነው። በዓይን እምብዛም አይታይም፤ ውሃው ግን መንገዱን ያገኛል። በዓይን ገምቶ መሥራት አይቻልም። ግራና ቀኝ ችካል ተክላችሁ ክር ወጥሩ። ቀጭን ብርሃን የሚያሳልፍ ጎማ ውሃ ሞልታችሁ ሁለቱን ጫፎች ችካሎቹ ላይ ብትይዙት ውሃው እኩል ቁመት ያሳያችኋል። ከዚያ በታችኛው ችካል ላይ ክሩን 10 ሴንቲ ዝቅ አድርጉ። የንጣፉ ላይ ደግሞ ከቤቱ ወለል ቢያንስ 15 ሴንቲ ዝቅ ይበል።

ብዙ ሰው የሚስተው ግን ቀጥሎ ያለውን ነው፤ እባክሽ ቀስ ብለሽ አንብቢው። መረሬውን ቆፍረሽ ጠጠር ስትሞይበት ገንዳ ሠራሽ ማለት ነው። ጠጠሩ ውሃውን ያስገባዋል፣ መረሬው ደግሞ ከሥር አያሳልፈውም። ውሃው እዚያው ተኝቶ ዙሪያውን ያሳብጠዋል። ስለዚህ የጉድጓዱ ወለል ራሱ እንደ ላዩ ወደ ታች ያዘቅዝቅ፣ መጨረሻውም ከካቡ ጀርባ ካለው ጠጠር ጋር ይገናኝ። ከዚያ በካቡ እግር በኩል ውሃው ይወጣል። የጅሩ ገበሬ ክረምት ሲገባ ማሳው ላይ መደብ እያወጣ በመካከሉ ቦይ የሚከፍተው ለዚሁ ነው። ስንዴውን ከውሃ የሚያድንበት ብልሃት ግቢሽንም ያድነዋል። ሰፈራችሁ ውስጥ ይህን እየሠራ ያደገ ሰው አይጠፋም። ውሃው ወዴት እንደሚሄድ እሱን ጠይቂው፤ ከብዙ ግንበኛ ይልቅ ያያል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ከምታስቢው ይገለበጣል። ካቡ ይቀድማል፣ ንጣፉ ይከተላል።

ካቡ ከመሬት በላይ 60 ሴንቲ ይሁን። ከዚያ በታች 30 ሴንቲ ቆፍራችሁ ትልልቆቹን ድንጋዮች እዚያ አስቀምጡ። እግሩ 45 ሴንቲ ይስፋ፣ አናቱ 35 ይበቃዋል። ፊቱ ወደ አፈሩ፣ ማለት ወደ ቤቱ በኩል፣ 10 ሴንቲ ያህል ዘንበል ይበል። ቀጥ ብሎ የቆመ ካብ ከጀርባው ያለው አፈር ሲያብጥ ወደ ፊት ይወድቃል። እያንዳንዱ ድንጋይ ከሥሩ ባሉት ሁለት ድንጋዮች ላይ ይረፍ፤ መገጣጠሚያ በመገጣጠሚያ ላይ አይግጠም። በየሜትሩ አንድ ረጅም ድንጋይ ከፊት እስከ ጀርባ ይግባ። እሱ ነው ካቡን የሚያስረው። ድንጋዩ ረጅም ጎኑን ወደ ውስጥ ይስጥ እንጂ ለዓይን ብሎ ፊት ለፊት አይጋደም። ሲሚንቶ አትጨምሩበት። ክፍተቱ ነው ውሃውን የሚያስወጣው። ከጀርባው 20 ሴንቲ ያህል ጠጠር ሙሉበት፤ የቆፈራችሁትን መረሬ እዚያ እንዳትመልሱት። ካቡ ከአንድ ሜትር በላይ ቢሆን ኖሮ ባለሙያ መጥቶ ይየው እልሽ ነበር። ለ60 ሴንቲ ግን ካብ ሲክብ ያደገ ሰው ይበቃል። መንዝ ዘመድ ካላችሁ ደግሞ ካቢ ከዚያ ይምጣ።

ለንጣፉ ቁፋሮው 32 ሴንቲ ገደማ ይውረድ። 20ው ለገረጋንቲ (ለሥሩ የሚሞላው ድብልቅ ጠጠር)፣ 5ቱ ለአሸዋ፣ 7ቱ ለድንጋዩ ነው። የጉድጓዱ ወለል ላይ የተቆረጠ የማዳበሪያ ከረጢት አንጥፉበት፤ ጠርዝ ለጠርዝ አንድ ክንድ ያህል ይደራረብ። ጭቃው ወደ ጠጠሩ እንዳይወጣ ይከለክላል፣ ውሃውን ግን ያሳልፋል። ላስቲክ አይሆንም፤ ውሃ ያቁራል። ገረጋንቲውን ከመግዛትሽ በፊት አንድ እፍኝ አርጥበሽ ጨብጪው። እንደ ሊጥ ከተጣበቀ አፈር በዝቶበታል፣ ተይው። ሲሞላ በ10፣ በ10 ሴንቲ ውሃ እየተረጨበትና እየተደቀደቀ ነው። ኮምፓክተር፣ ማለት መደቅደቂያ ማሽን፣ ከተገኘ ተከራዩ፤ ካልተገኘ ከባድ የእንጨት መደቅደቂያና ጉልበት ያለው ልጅ ይሠራዋል። ተረከዝሽን ስትተክይበት ምልክት የማይተው እስኪሆን ድረስ አትለፉት። ሰው የሚሰለቸው እዚህ ላይ ነው፣ ንጣፍ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው።

አሁን ድንጋዩ። እኔ በዚህ ተጎድቼ ነው የማውቀው። ደብረ ብርሃን የራሴን ግቢ ሳስነጥፍ ነጣ ያለ፣ ለዓይን የሚያምር ድንጋይ ገዛሁ። ቀላል ነበር፣ በመጋዝም ይቆረጥ ነበር። ሻጩ ጠንካራ ነው ብሎኝ አመንኩት። ድንጋዩ ውሃ ይመጥ ነበር። በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት ውርጭ ሲወርድ የመጠጠው ውሃ ይረጋል። ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ ወደ 9 በመቶ ይጨምራል፤ ከውስጥ ይገፋል። በሦስተኛው ዓመት ፊቱ እንደ ሽንኩርት እየተላጠ ተነሳ። ሙሉውን አስነቀልኩት። እነዋሪ ከደብረ ብርሃን ቢሞቅም ውርጭ አያጣችሁም።

አንቺ የምትገዥው ጥቁሩን ድንጋይ ነው። ደጋው አገራችን በአብዛኛው የቆመበት፣ እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ድንጋይ ነው፤ ዕድሜው በሚሊዮን ዓመታት ነው የሚቆጠረው። ውሃ አያስገባም፣ በእግር ቶሎ አያልቅም፣ ከሩቅ አይጫንም። ወደ ጀማ ሸለቆ ስትወርጂ ከጥቁሩ ድንጋይ በታች የአሸዋ ድንጋይ፣ ከዚያም የኖራ ድንጋይ ይመጣል። ለሚ ላይ ለሲሚንቶ የሚፈጨው ይኸው የኖራ ድንጋይ ነው። መልኩ ያምራል፤ ነገር ግን ሎሚና ኮምጣጤ ይበላዋል፣ ብዙ ሲረገጥም ይለሰልሳል። ለመደብ ወይም ለአትክልት ዳር ይሁን፣ ለመራመጃ አልመርጠውም። ለመለየት ሎሚ ጠብ አድርጊበት፤ አረፋ ካወጣ ኖራ ነው። ጄሶ የሚሆነውን ደግሞ ከነአካቴው ግቢሽ አታስገቢው፣ ውሃ ያሟሟዋል።

ከመኪና ሳይወርድ ፈትኚው። በመዶሻ ስትመችው እንደ ብረት ከጮኸ ጤነኛ ነው። «ድም» ካለ ውስጡ ተሰንጥቋል ወይም ፈርሷል። ውሃ አፍስሽበት፤ ላዩ ላይ ከተንከባለለ ጥሩ ነው፣ ቶሎ ጠጥቶ ከጠቆረ ተይው። ጥቁር ድንጋይ ሁሉ ዝርግ ሆኖ አይፈለጥም፤ ይህ አያስጨንቅሽ። አንድ ፊቱ ዝርግ ይሁን እንጂ ሆዱ ቢያብጥ አሸዋው ይቀበለዋል። ውፍረቱ ከ6 እስከ 10 ሴንቲ፣ ስፋቱ ቢያንስ ስንዝር ተኩል ይሁን። ትንንሹ ድንጋይ ሲረገጥ ይወዛወዛል።

ከየት እንደመጣም ጠይቂ፤ እለምንሻለሁ። ፈቃድ ያላቸው ድንጋይ አውጪዎች አሉ፤ በማኅበር የተደራጁ ወጣቶችም አሉ። ገበሬ ከማሳው ለቅሞ የከመረውም ጥሩ ድንጋይ ነው። ከእርከን ላይ የተነቀለ ከሆነ ግን ዋጋው ግማሽ ቢሆንም አትግዢው። ያ እርከን የአንድ ቤተሰብን አፈር የያዘ ነው። ያንቺ ግቢ ሲያምር የእነሱ ማሳ ሸለቆ ውስጥ ይገባል።

መጠኑን ጠይቀሽኛል። ለ30 ካሬ ንጣፍ ድንጋዩ ብቻውን 2 ሜትር ኩብ ገደማ ነው፤ ሲመዘን ወደ 6 ቶን ይጠጋል። 6 ሜትር ርዝመት ላለው ካብ ከነመሠረቱ 2 ሜትር ኩብ ተኩል ያዢ። ድንጋይ መኪና ላይ ሲጫን መካከሉ ባዶ ስለሚሆን በጠቅላላው 6 ሜትር ኩብ እዘዢ። ሙሉ ሲኖትራክ አያስፈልግሽም፤ በአይሱዙ ይምጣልሽ። ገረጋንቲው ሲደቀደቅ ስለሚቀንስ 8፣ አሸዋው 2 ሜትር ኩብ። ከቁፋሮው ወደ 10 ሜትር ኩብ መረሬ ይወጣል። እሱን አታስጥይው። ፍግና ጥቂት አሸዋ ቀላቅለሽ ለአትክልት መደብሽ አድርጊው።

ማንጠፉን ኮብልስቶን ለሠራ ልጅ ስጭው። አሸዋ ላይ ማስቀመጥን እነሱ ለምደውታል። ከዳር ይጀመር። የዳሩ ድንጋይ ትልቅ ይሁን፣ ሁለት ሦስተኛው መሬት ውስጥ ይግባ። ዳሩ ካልያዘ መሃሉ ይበተናል። እያንዳንዱ ድንጋይ ተቀምጦ በእንጨት መዶሻ ይመታ፤ በአራቱም ማዕዘን ሲረገጥ ንቅንቅ አይበል። ክፍተቱ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ፣ አራት ጥግ በአንድ ነጥብ አይገናኝ። መጨረሻ ላይ ዜሮ ዜሮ የሚባለውን ደቃቅ ጠጠር በመጥረጊያ አስገቡበት፣ ውሃ ርጩ፣ እንደገና ሙሉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ ጊዜ ሙሉት።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ለመሬቱ ኅዳር ጥሩ ነበር። ግን አዝመራ ነው፣ እጅ አይገኝም። ጥር ላይ ጀምሩ፤ የበልግ ዝናብ ሳይመጣ ጨርሱ። ያን ጊዜ መረሬው ስለሚሰነጠቅ ከረጢቱ ከመነጠፉ በፊት ወለሉን ለሁለት ሦስት ቀን ቀስ እያላችሁ አርጥቡት። ስንጥቁ ይግጠም እንጂ ጭቃ አይሁን።

የአማትሽን ነገር ለመጨረሻ ያቆየሁት ስለማይጠቅም አይደለም። የተፈለጠ ጥቁር ድንጋይ ፊቱ ሻካራ ስለሆነ እግር ይይዛል። የወንዝ ድንጋይ ግን ውሃ ያለሰለሰው ነው፤ እሳቸው በሚሄዱበት አይግባ። የሚያዳልጠው ራሱ ድንጋዩ ሳይሆን ጥላ ውስጥ የሚያወጣው አረንጓዴ ሽበት ነው። ነሐሴ ላይ በጠንካራ መጥረጊያና በአሸዋ ይፈተግ። በረኪና አትጠቀሚ፣ ተክሉን ይገድልብሻል። ደረጃ ካለ ከፍታው 15 ሴንቲ አይለፍ፤ ሁሉም እኩል ይሁን። አንዱ በሁለት ጣት ቢበልጥ ሰው የሚደናቀፈው እዚያ ላይ ነው። የጠዋት ፀሐይ በሚያገኘው ጥግ ደግሞ 45 ሴንቲ ከፍታ ያለው የድንጋይ መደብ ሥሪላቸው። በጀርባው መደገፊያ ይኑረው። ሲነሱ የሚይዙት ነገር ይፈልጋሉና።

አትክልቱን በአጭሩ ልንገርሽ። ጤና አዳምና የጥብስ ቅጠል ከካቡ በላይ ይመቻቸዋል፤ ውሃው ስለሚያልፍ ሥራቸው አይበሰብስም። ኮሰረት ለወጥ ቤቱ ቀረብ ይበል። በንጣፉ ዳር ሰው ብዙ በማይረግጠው ክፍተት ውስጥ ጦስኝ ትከይ። ደጋ ላይ በድንጋይ መካከል በቅሎ የኖረ ነው፤ ስትረግጭው ይሸታል፣ ለሻይም ይቀጠፋል። ባሕር ዛፍ ግን ከካቡም ከቤቱም አጠገብ አይሁን። ሥሩ ካቡን ይገፋል። መረሬውንም ከሌላው በላይ ያደርቀዋል።

በመጀመሪያው ክረምት ጥቂት ድንጋዮች ይሰጥማሉ። አትደንግጪ፣ መሬቱ ቦታውን እየያዘ ነው። ሐምሌ ላይ ከዝናብ በኋላ ውጪና ውሃ የቋጠረበትን ቦታ በከሰል ምልክት አድርጊ። መስከረም ሲጠባ እነዚያን ብቻ አንስተሽ አሸዋ ጨምሪላቸው። ለዚህ ብለሽ ከተረፈው ድንጋይ አሥር፣ አሥራ አምስት ያህሉን ከካቡ ጥግ ከምረሽ አስቀምጫቸው። ጎረቤት ሲጠይቅሽ ደግሞ እንዳትሰጭ።